ተሳቢና አማት

ወደ ሆሳዕና በመኪና ሊሄዱ ነው አሉ። መልካም ነው። ዘይትና ውኃ አይተዋል፣ ጎማ አስነፍተዋል፤ በዓለም ገና ወጥተው፣ ጢያን አልፈው፣ በቡታጅራና በወራቤ አድርገው 230 ኪሎ ሜትር ያህል ለመንዳት ተነሥተዋል። መኪናዎ ቪትዝ ናት እንበል። ለእናትዎ የገዙት ነጠላ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የቀረዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ማመን። በዚህ መስመር ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የሚከንፍ ኤፍኤስአር አለ። ሲሚንቶ የተሸከመ ባለ ተሳቢ አለ፤ አሸዋ የሚያመላልስ ሲኖትራክ አለ፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴ አለ። ይህ ምክር የተጻፈው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተቻችለው እንዲደርሱ ነው። በጥሞና ያንብቡት። እየነዱ ግን አያንብቡት።

በቅድሚያ ራስዎን ይመዝኑ። እርስዎ፣ ቪትዟና ነጠላው ተደምራችሁ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ኩንታል ትሆናላችሁ። ባለ ተሳቢው ጭነቱ ብቻ 400 ኩንታል ሊሆን ይችላል። የትራፊክ ሕጉ ሁለታችሁንም በእኩል ዓይን ያያል፤ ክብደት ግን ያዳላል። «መብቴ ነው» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። ኩርባ ላይ ሲሆን ግን ከ400 ኩንታሉ ላይ አንዲት ኪሎ አይቀንስም።

በሚሄዱበት አገር፣ በከምባታና በሀዲያ፣ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን በመተው ብቻ አያበቃም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ከቤት ዕቃ ወይም ከእህል ስም አንዱ ከአማቷ ስም ጋር ከገጠመ፣ ዙሪያውን ሄዳ በሌላ ቃል ትጠራዋለች። ከምባቶች ባሊሻ ይሉታል። ከተሜዎቹ ልጆች ዘንድ አሁን አሁን እየቀረ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ እንዲመለስ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለአማት ባይሆን ለተሳቢ። አንድ ሰው ከአማቱ ጀርባ ተለጥፎ አይሄድም። በማያዩት በኩል ድንገት ብቅ አይልባቸውም። ሊዞሩ ሲሉ ቦታ ይለቃል፤ ጠባብ በር ላይ ተጋፍቶ አይቀድማቸውም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አማቱ ሁልጊዜ ትክክል ስለሆኑ አይደለም። ቢጋጩ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ወደ ሆሳዕና ሲነዱ ከፊትዎ ያለውን ግዙፍ ነገር እንደ አማትዎ ይዩት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ስለ ርቀት እንጀምር። የአገራችን የጭነት መኪና ከኋላው የሚነበብ ነገር አያጣም፤ በሆሳዕናና በዱራሜ በኩል ደግሞ አብዛኛው መንፈሳዊ ነው። «ኢየሱስ ያድናል» የሚለውን በሩቁ አይተው አሜን ካሉ በቂ ነው። ጥቅሱን ከነምዕራፍና ቁጥሩ አንብበው ከጨረሱ ተጠግተዋል። ከታች በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን የቀለም ቀቢውን ስልክ ቁጥር ማንበብ ከቻሉ ግን፣ ጥቅሱ እርስዎን የሚመለከት እየሆነ ነው። ለመለካት ሜትር አያስፈልግዎትም። መንገድ ዳር አንድ እንሰት ይምረጡ፤ በዚህ አገር እንሰት አይጠፋም። የተሳቢው ጀርባ እንሰቱን ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እርስዎም እዚያው እንሰት ጋ ከደረሱ ነዳጁን ይልቀቁ። በሰዓት 80 ሲነዱ ሦስት ሰከንድ ማለት ወደ 67 ሜትር ነው። ደህና ፍሬን ያላት ትንሽ መኪና በዚያ ፍጥነት አደጋ አይታ እስክትቆም የምትፈጀውም ይህንኑ ያህል ነው። ከዘነበ ተሳቢው እንሰቱን ካለፈ በኋላ የሚቆጥሩትን እጥፍ ያድርጉት።

አንባቢ «ተሳቢውም እኮ ሲያቆም ቀስ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ለምን እፈራለሁ?» ሊል ይችላል። ጭነቱን ይዞ በ80 የሚነዳ ባለ ተሳቢ ለመቆም 100 ሜትርና ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ እውነት ነው፤ አየር ፍሬኑ እስኪይዝ ራሱ ጥቂት ሜትር ይበላል። ችግሩ እሱ ከኋላዎ ሲሆን ነው። ቀድመውት ፊቱ ገብተው፣ «ኧረ ቆሎ!» ብለው ለቆሎ ሻጭ ልጅ ድንገት ፍሬን የያዙ ለት 100 ሜትሩ የእርስዎ ጉዳይ ይሆናል። ቆሎ ከወራቤም ከሆሳዕናም ይገኛል። ተሳቢ ፊት አይግዙ።

ሾፌሩ የማያይዎት ቦታም አለ። ከተሳቢው ጀርባ ተጠግተው ከሆነ አያይዎትም። ከካቢናው በስተቀኝ፣ በሩ ሥር ከሆኑ አያይዎትም። በጣም ቀርበው ፊቱ ከቆሙም ከፍ ካለው ካቢና ቁልቁል አያይዎትም። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላዩት፣ ለእሱ እርስዎ አልተፈጠሩም። ክላክስ ማድረግ አይከፋም፤ ነገር ግን ካቢናው ውስጥ መዝሙር ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል በክላክስ ብቻ አይተማመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና፣ ወደ መቅደም እንምጣ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ ተሳቢው በሰዓት 60 ይሄዳል፤ እርስዎ 80 ገብተዋል። እሱ ከነተሳቢው 18 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከኋላው ለመውጣት 20 ሜትር፣ አልፈው ፊቱ ለመግባት 20 ሜትር፣ ቪትዟ ራሷ ወደ 4 ሜትር፤ በድምሩ 62 ሜትር መብለጥ አለብዎት። የሁለታችሁ የፍጥነት ልዩነት በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ 11 ሰከንድ በግራው መስመር ይቆያሉ። በዚያች 11 ሰከንድ እርስዎ 245 ሜትር ይነዳሉ፤ ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ 245 ሜትር ወደ እርስዎ ይመጣል። ስለዚህ ከፊትዎ ግማሽ ኪሎ ሜትር ባዶ መንገድ ሊታይዎት ይገባል ማለት ነው። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና ሲሄዱ ኩርባ፣ ጉብታና ከብት የሌለበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ካገኙ ለቱሪዝም ቢሮ ያሳውቁ፤ የሚጎበኝ ነገር ነው።

ይህ ሒሳብ ለአንድ ተሳቢ ነው። ሦስት ተሳቢ ተከታትሎ ሲጓዝ ካዩ፣ መኪናዎን ጥግ አስይዘው ሻይ ይጠጡ። ጊዜ ከተረፈዎት አምባሪቾ ተራራ ከዱራሜ ብዙም አይርቅም፤ 777 ደረጃ ወጥተው ሲመለሱ ተሳቢዎቹ ዐረካን አልፈዋል።

የሾፌሮቹን የፍሬቻ ቋንቋ ደግሞ ማወቅ አለብዎት። ከፊትዎ ያለው ከባድ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ካሳየ «ከፊት ማንም የለም፣ እለፍ» ማለቱ ነው። ወይም ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። ወይም ሱቅ ዳር ሊቆም ነው። ግራ ፍሬቻ ካሳየ «እንዳትወጣ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው፤ ወይም ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው፤ አለዚያም ከቡታጅራ ጀምሮ ማጥፋቱን ረስቶት ነው። የረዳቱ እጅ በመስኮት ወጥቶ ሲወዛወዝም እንዲሁ «እለፍ» ሊሆን ይችላል፤ «ተመለስ» ሊሆን ይችላል፤ የሙዝ ልጣጭ እየጣለም ሊሆን ይችላል። ቸርነቱን በአክብሮት ይቀበሉ፤ መንገዱን ግን በራስዎ ዓይን ይዩ። ከፊት የሚመጣው መኪና የሚያገኘው እርስዎን እንጂ ፍሬቻ ያሳየዎትን ሰው አይደለም።

የክልሉ ባለሥልጣናት ቪኤይት ከዚህ ምክር ውጭ ነው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች ለስብሰባ የዘገየ ትልቅ መኪና በርከት ብሏል፤ እነሱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳይሆን አጀንዳ ነው የሚያዩት። መንገድ ይልቀቁላቸው። ስብሰባው ስለ መንገድ ደኅንነት ሊሆን ይችላል።

አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ለየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዳገት ላይ ባለ ተሳቢው እየዘገመ፣ እያጓራ ሲሄድ ረዳቱን ይመልከቱት። ረዳቱ ታኮ በእጁ ይዞ ከወረደና ከጎማው አጠገብ በእግሩ መሄድ ከጀመረ፣ ከኋላ መቆየት ለእርስዎ የሚሆን ሥራ አይደለም። ታኮ የተያዘው መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል ተብሎ ታስቦ ነው። ያሰበው ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጥሩ ሾፌር ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማለት ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የሚንቀራፈፍ ተሳቢ ካጋጠመዎት አይሳደቡ። እሱ ነው ጨዋው። የሚያስፈራው በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ የሚወርደው ነው። ፍሬን ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ይግላል፤ የፍሬን ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል፤ ያኔ ሾፌሩ ቢረግጥም ባይረግጥም ልዩነት የለውም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ይህ ነው። ፍሬኑ ግን ድንገት እምቢ ያለ አይምሰልዎት፤ ከላይ ጀምሮ ሲለምን ነበር። በመስኮትዎ የተቃጠለ ሽታ ከገባ፣ ተሳቢው ከፊት ከሆነ ይራቁት፤ ከኋላ ከሆነ መውጫ ይፈልጉና ያሳልፉት። ባዶ ተሳቢም በራሱ መንገድ ያስቸግራል። ያልተጫነ ስለሆነ ጎማው መሬቱን በደንብ አይጨብጥም፤ ርጥብ አስፋልት ላይ ሾፌሩ ጠንከር አድርጎ ፍሬን ከያዘ ጎማው ይቆልፍና ተሳቢው በጎን በኩል ሊጎበኝዎት ይመጣል።

ከተማ ሲገቡ ፍጥነት ይቀንሱ። ሆሳዕና ስሟን ያገኘችበት በዓል የሚያስበው በአህያ ላይ ተቀምጦ የገባውን ጌታ ነው፤ በ90 አልገባም። ከተማ ውስጥ የተሳቢ ጠባዩ ይህ ነው፤ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል በመጀመሪያ ወደ ግራ ይሰፋል። የኋላ ጎማው የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። እሱ ሲሰፋ በስተቀኙ የሚከፈተው ቦታ ለባጃጅ ሾፌር እንደ ስጦታ ይታየዋል። ስጦታ አይደለም፤ ከሰከንዶች በኋላ የኋላ ጎማው የሚያልፍበት ነው። ባለ ባጃጅ ወዳጄ፣ አንተን እርስዎ አላልሁህም፤ ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ከጎንህ አስቀምጠህ በዚያ ቀዳዳ ስትገባ ስላየሁህ ነው። ተው።

ማታ ከሆነ ጉዞውን ያሳድሩት። ወራቤም ቡታጅራም አልጋ አላቸው። የተሳቢ የኋላ መብራት የሚበራው ከመኪናው በሚመጣ ገመድ ነው፤ ገመዱ ከተበጠሰ ሾፌሩ ከፊት ሆኖ አያውቅም፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው አያዩም። የተበላሸ መኪና ካለ ምልክቱ ቅጠልና ድንጋይ ነው። መንገድ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካዩ ወዲያው ይቀንሱ፤ ኩርባውን ሲያልፉ አንድ ሰው ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሆናል። ችግሩ መኪናው ተሠርቶ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ የሚቀር መሆኑ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፤ ድንጋዩ ሌሊቱን ቪትዝ ሲጠብቅ ያድራል። ድንጋይ ደርድሮ የሄደ ሾፌር ይህን ካነበበ ተመልሶ ያንሣ። ጎሚስታዎች ለጊዜው ቅር ቢላቸውም ይለምዱታል።

የሾፌሩንም ነገር ማሰብ ተገቢ ነው። ሙዙ ማለዳ አዲስ አበባ ካልገባ ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴው ይደውላል፣ ደላላው ይደውላል፣ ባለንብረቱ ይደውላል። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይኑ ክፍት ሆኖ ሊተኛ ይችላል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከፊትዎ የሚመጣ ከባድ መኪና ቀስ በቀስ ወደ መሀል መስመር ሲጠጋ ካዩ፣ ጨዋታ አይደለም፤ ሰውየው ከእርስዎ ጋር የለም። ቀኝዎን ይያዙ፣ መብራት ያሳዩ፣ ይቀንሱ።

ከደቡብ አፍሪካ ለተመለሱ ወንድሞች አንድ ልዩ ቃል አለኝ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ ሰው ያልሸኘ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚያ አገር በግራ ነው የሚነዳው። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከተሳቢ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኙ «ይሄ ዕብድ በእኔ መስመር ምን ይሠራል?» ከማለትዎ በፊት መስመሩ የማን እንደሆነ ያረጋግጡ። ከዚያ ይሳደቡ።

መስከረም ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ለማክበር አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ ይጎርፋል። በአንድ በኩል ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ፣ በሌላ በኩል በሬ የጫነ አይሱዙ ይመጣል። በሬ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ በተጫነበት ይቀመጣል፤ በሬ ኩርባ ላይ ይደናገጣል፣ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፣ የመኪናውም ሚዛን አብሮት ይሄዳል። በሬ የጫነ መኪና ኩርባ ሲገባ ጎን ለጎን አይሁኑ። ሥጋውን በዓሉ ላይ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ቢያገኙት ይሻላል።

በዚያው ሰሞን የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «መኪና ጠፋ፣ በአይሱዙው እንሳፈር»። በዚህ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኞችን ያሳፈረ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ገባ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ካሶኒ ወንበር የለውም፣ ቀበቶ የለውም፣ የሚይዙት ነገር የለውም፤ መኪናው ሲያዘነብል ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያዘነብላል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ሠርግ ይዘገይ፣ ለቅሶም ይለፍ፤ በጭነት መኪና ላይ ሰው አይጫን። ሾፌሩ ዘመድዎ ቢሆንም፣ በነጻ ቢሆንም፣ ቅርብ ቢሆንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጠብቀው ምን ያህል እንደሚዘገዩ ያሳስብዎት ይሆናል። ከወራቤ ሆሳዕና 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ80 ቢበሩ 45 ደቂቃ ይፈጅብዎታል፤ ከተሳቢው ጀርባ በ60 ቢሄዱ አንድ ሰዓት። ልዩነቱ ሩብ ሰዓት ነው፤ እናትዎ ቡናውን ገና አልቆሉትም። ሲደርሱም ደውለው «ገባሁ» ይበሉን፤ መኪናውን አቁመው።